ዘመድ የሌላት አስተባባሪ

ለአምለሰት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ሁሉ ጠላት ሆኖባታል። የዓለም ካርታ፣ የሂሳብ ቀመር፣ አንዷ ተማሪ በቀለም የሣለችው የሰው ሳንባ ሳይቀር። ፈተና የሚሰጥበት ክፍል ግድግዳው ባዶ ይሁን ይላል መመሪያው። ሐሙስ ከሰዓት ነጭ ወረቀትና ፕላስተር ይዛ ክፍል ለክፍል እየዞረች ሁሉንም ሸፈነች። ሳንባው ጋ ስትደርስ አንጀቷን በላት፤ ልጅቷ ለፍታበታለች። ግን ምን ይደረግ። ሳንባም መልስ ሊሆን ይችላል።

ፈተናው የኮሌጅ ዝግጁነት ፈተና ነው። ሳዑዲ ውስጥ ከደማም እስከ ኾባር በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶች በሙሉ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት ወረቀት ይከፍታሉ። አንዱ ትንሽ ከቀደመ ጥያቄው በስልክ ሌላው ጋ ይደርሳላ። ስለዚህ መቅደም የለም፣ መዘግየት የለም። ኾባር አል ራዋቢ ሰፈር ያለው የሴቶች ትምህርት ቤት ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈተና ማዕከል ሆነ። አስተባባሪዋ ደግሞ አምለሰት።

ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አምለሰት ኾባርን የረገጠችው የርዕሰ መምህሯ የቤት ሠራተኛ ሆና ነው። አገሯ ወረኢሉ እንግሊዝኛ ታስተምር እንደነበር ማዳሟ ስትሰማ፣ "ታዲያ እኔ ወጥ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?" ብላ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ወደ ትምህርት ቤቱ አዛወረችላት። መጀመሪያ አውቶቡስ ላይ ልጆች ትቆጣጠር ነበር። ከዚያ ምዝገባ። ከዚያ ፈተና ክፍል፣ ረዳት። ዘንድሮ የፈተና ክፍሉ ኃላፊ የነበረችው ዮርዳኖሳዊት ጠቅልላ አገሯ ገባች። ርዕሰ መምህሯ አምለሰትን ጠራችና፣ "ይኼን ፈተና መርተሽ አሳዪኝ። ካማረ ቦታው ያንቺ ነው" አለቻት። ኸላስ። ሌላ ንግግር የለም።

ምክትል አድርጋ የሰጠቻት ኢኽላስን ነው፣ ሱዳናዊቷን የሂሳብ አስተማሪ። ኢኽላስ ቦታውን ፈልጋው ነበር። አምለሰት ይኼን ታውቃለች። ኢኽላስም አምለሰት እንደምታውቅ ታውቃለች። ስለዚህ ሁለቱ በጣም ይከባበራሉ።

አምለሰት ወሩን ሙሉ ሌላ ነገር አላሰበችም። የወንበሮቹን ርቀት በሜትር ለካች። የትምህርት ቤቱን ደወል የሚያጠፋ ሰው አስመጣች። እርሳስ አስቀረጸች። ፈታኞቹ ቃል በቃል የሚያነቡትን መመሪያ አስጠናች፤ አንዷ ፈታኝ "መልካም ዕድል" ብላ ብትጨምር "የለም! ዕድል የሚል አልተጻፈም" ብላ አስቆመቻት። ሰዎቹ አበደች አሉ። አላበደችም። ደስ ብሏት ነው።

ችግሩ የመጣው ከፊርማ ነው።

አስተባባሪዎቹ ሁሉ ደማም ተጠርተው ሲሠለጥኑ፣ መጨረሻ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ቃል ፈርመው ነበር፦ በማዕከሌ የሚፈተን ዘመድ የለኝም። አምለሰት ፈረመች። ብዕሯ እንኳ አልቆመም። ዘመድ ሲባል ሐሳቧ በቀጥታ ወረኢሉ ነው የሄደው። ወንድሟ እዚያ ነው፣ አክስቶቿ እዚያ ናቸው፣ የአጎቷ ልጆች ከብት ያደልባሉ። ኾባር መጥቶ የኮሌጅ ፈተና የሚፈተን ማን አለ?

ሁመይራ አለች።

ሁመይራ የሰዳ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ እዚሁ ትምህርት ቤት። ሰዳ ደግሞ፣ እንግዲህ፣ እህቷ ናት። እንዲህ ነው ነገሩ። አምለሰት ሳዑዲ እንደገባች ደማም የተቀጠረችበት የመጀመሪያ ቤት አልሆን ብሏት ካፊል፣ ማለትም ዋስ አሠሪ፣ እስክትቀይር ማደሪያ አጣች። ሰዳና ባሏ ኑርዲን እዚያው ደማም ሁለት ክፍል ቤት ነበራቸው። ሰዳ አታውቃትም። ገበያ ላይ አማርኛ ስታወራ ሰምታ ነው። "ወሎ ነሽ?" አለቻት። "ወሎ ነኝ።" "በይ ነይ።" ልጇ የምትተኛበት ክፍል ፍራሽ ጣለችላት። ግብፃዊው አከራይ መጥቶ "ይቺ ማን ናት?" ሲል ሰዳ ዓይኗን ሳታሽ "እህቴ" አለችው። አከራዩ የአምለሰትን የአንገት ማተብ አየ፣ የሰዳን ሻሽ አየ። "አንዷ ክርስቲያን፣ አንዷ ሙስሊም?" "ወሎ ነን" አለችው ሰዳ፣ ይኼ ሁሉንም እንደሚያስረዳ። አከራዩ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። በእርግጥም ወሎ አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም አለ፤ ውሸት ነው የሚል ሰው የለም።

ለአከራዩ የተባለው በዚያው ጸና። ከዚያ በኋላ ማንም ሲጠይቅ እህቴ ነው፣ የእህቴ ልጅ ነው። ሁመይራ እዚህ ትምህርት ቤት ስትገባ አምለሰት ለርዕሰ መምህሯ፣ ለዘበኛው፣ ለአውቶቡስ ሾፌሩ፣ ለሁሉም "የእህቴ ልጅ ናት፣ አደራ" ብላለች። ስትፈርም ግን አንዱም ትዝ አላላትም። ሁሚን ዘመድ ብላ አስባት አታውቅማ። ሁሚ ሁሚ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት ኡስታዛ ዋርዳ የፈተናውን ሳጥን ራሷ ይዛ መጣች። የምሥራቁን ክፍለ ሀገር ፈተና በሙሉ የምትቆጣጠር ሳዑዲያዊት ናት፤ አጭር፣ ፈጣን፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ። አዲስ ማዕከል ስለሆነ ራሷ ልታየው ፈለገች። ከአምለሰት ጋር ኮሪደሩን ዞሩ። ግድግዳዎቹን አየች። ሰዓቶቹን አየች። ወንበሮቹን በእግሯ ለካች።

"አምለሰት፣" አለች፤ ስሙን በትክክል ለመጥራት ጥረት እያደረገች፣ "ከዚህ በፊት የት ነው ፈተና ያዘጋጀሽው?"

"የትም።"

"ደማም ያሉት እንዲህ አያደርጉም።"

አምለሰት የሚቀጥለውን በር ከፈተችላት። ጫማዋ መሬት የነካ አልመሰላትም።

ልጆቹ በር ላይ ተሰልፈዋል። ከመጋረጃ ጀርባ ቦሰና የምትባለው የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ አንድ በአንድ ታስገባለች፤ ኒቃቡን ገለጥ፣ መታወቂያውን ከፊት ጋር ማየት፣ ሻሹን ገለጥ፣ ጆሮ ውስጥ የተደበቀ ማዳመጫ እንዳይኖር። ቦሰና የደብረ ታቦር ልጅ ናት፤ ስትፈትሽም ወሬዋን አታቆምም። በአማርኛም ሆነ በዓረብኛ፣ ከመጣላት።

"ኻልቲ!"

አምለሰት ዞረች። ሁመይራ ከመጋረጃው አንገቷን አውጥታ እጇን ታውለበልባለች።

"ኻልቲ፣ የካልኩሌተሬ ባትሪ ሊያልቅ ነው መሰለኝ። ትርፍ አለሽ?"

ኻልቲ ማለት አክስቴ ነው፤ የእናቴ እህት። ኡስታዛ ዋርዳ ሳጥኑን እንደታቀፈች ቆመች።

"ማን ናት?"

"ተማሪ ናት።"

"ኻልቲ አለችሽ።"

"ልጆች ናቸው፤ ያላሉኝ ነገር የለም።"

"ሌሎቹ ኡስታዛ ነው የሚሉሽ። ስሰማ ነበር።"

አምለሰት አፏን ሳትከፍት ቦሰና ቀደመቻት። በደስታ፣ በንጹሕ ልቧ፣ በዓረብኛ፦

"የእህቷ ልጅ ናት'ኮ! ይኼን የማያውቅ አለ እንዴ እዚህ? ጎበዝ ልጅ ናት፣ ማሻአላህ።"

ከዚያ የአምለሰትን ፊት አየች። "ምነው?" አለች በአማርኛ። "ምን አልኩ?"

"ምንም። ሥራሽን ሥሪ።"

ቢሮ ገቡ። ኡስታዛ ዋርዳ፣ አምለሰት፣ ሁመይራ። ኢኽላስ ቀድማ እዚያ ነበረች፣ የፈታኞቹን ባጅ እየደረደረች። ልውጣ ብላ ስትነሣ ኡስታዛ ዋርዳ "ቁጭ በይ፣ አንቺንም ይመለከትሻል" አለቻት። ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። መነጽሯን አወለቀች።

"አምለሰት፣ ዘመድ የለኝም ብለሽ ፈርመሻል።"

"ፈርሜያለሁ።"

"የአስተባባሪ ዘመድ ከተፈተነች ወረቀቷ አይታረምም። ማዕከሉም ይመረመራል። የሁሉም ልጆች ውጤት ይዘገያል።"

"አውቃለሁ።"

"አሁን በሩ አልተዘጋም። ሳጥኑም አልተከፈተም። ይኼ ዕድልሽ ነው።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሠራተኛዋ ወሬ ታበዛለች፤ አይቻለሁ። ዘመድሽ ካልሆነች አይደለችም በይኝ። እኔም ሰምቻለሁ ብዬ አልፋለሁ፤ ፈተናሽን ትመሪያለሽ። ከሆነች ግን ቁልፉን ለምክትልሽ ሰጥተሽ አሁኑኑ ከግቢው ትወጫለሽ። ሁለታችሁ እዚህ ግቢ ውስጥ አብራችሁ አትሆኑም።"

"ወይም ልጅቷ ትወጣለች" አለች ኢኽላስ፣ ቀስ ብላ። በክፋት አልነበረም። ደንቡ ስለሚል ነው።

"ወይም ልጅቷ" አለች ኡስታዛ ዋርዳ።

ልጅቷ መውጣት አትችልም። የሚቀጥለው ፈተና ከረመዳን በኋላ ነው። ሁመይራ የምታመለክትበት የነርሶች ኮሌጅ ከዚያ በፊት በሩን ይዘጋል። ይኼን ከኡስታዛ ዋርዳ በቀር በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ሁመይራ ሳቅ አለች። ልጅ ናት፤ ነገሩ ቀሏታል።

"አክስቴ፣ አይደለችም በያት በቃ" አለች በአማርኛ። "ምን ችግር አለው? እውነት'ኮ ነው።"

"ዝም በይ አንቺ።"

"ኧረ እኔ አልቀየምም! እማዬም ብትሰማ ትስቃለች።"

"ሁሚ። ዝም።"

እውነት'ኮ ነው። አዎ፣ እውነት ነው። ሦስት የዓረብኛ ቃል ነው፣ ትናንሽ። ከዚያ መመሪያውን አንብባ፣ ሳጥኑን ከፍታ፣ በሰዓቱ አስጀምራ፣ በሰዓቱ አስጨርሳ፣ ማታ ርዕሰ መምህሯ "ቦታው ያንቺ ነው" ትላታለች። ማንም አይጎዳም። ውሸት እንኳ የለበትም።

አምለሰት አፏን ከፈተች። ቃሉ አልመጣም። አስገረማት፤ ዓረብኛዋ እንዲህ አያንቃትም ነበር። የመጣላት ሌላ ነገር ነው። ያቺ ልጅ በስድስት ዓመቷ ፍራሽ ላይ በእንቅልፍ ልቧ ቀዝቃዛ እግሯን ሆዷ ላይ ስትለጥፍባት። ስትገፋት ተመልሳ ስትለጥፍ። ደሞ ይኼን አሁን ምን አመጣው? ተናደደች። በማን እንደተናደደች አላወቀችም።

"ናት" አለች።

"ምን?"

"የእህቴ ልጅ ናት። ስፈርም አላሰብኩትም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሁመይራ መሳቋን አቆመች።

አምለሰት ከአንገቷ ላይ የቁልፉን ማሰሪያ አወለቀችና ለኢኽላስ ዘረጋችላት። ኢኽላስ እጇን አልዘረጋችም። ይኼን ቦታ ፈልጋ ነበር፤ እንዲህ ይመጣል ግን አላለችም።

"ያዢ እንጂ! ሰዓት ይሄዳል'ኮ። ስሚኝ፤ ሦስተኛው ክፍል ኤሲው ድምፅ አለው፣ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ዝቅ አድርጊው። የጥግ ወንበሯ ትንቀጠቀጣለች፣ ማንንም አታስቀምጪባት። እና ስታነቢ አትፍጠኚ። ስትደነግጪ ትፈጥኛለሽ።"

"አልፈጥንም።"

"ትፈጥኛለሽ። ባትሪ መሳቢያው ውስጥ አለ፣ ስጪያት።"

"አምለሰት፣" አለች ኡስታዛ ዋርዳ፣ "በሩ ወደዚያ ነው።"

ኢኽላስ ቁልፉን አንገቷ ላይ እያጠለቀች፣ "ሂጂ በቃ" አለች። "ድግስ አይደለም። ፈተና ነው። እንችላለን።"

አምለሰት ወጣች። ሁመይራን ዞር ብላ አላየቻትም። ካየቻት ወይ ታለቅሳለች ወይ ትቆጣታለች፤ ለሁለቱም ጊዜ የለም።

ውጪ ዘበኛው የፕላስቲክ ወንበሩን ለቀቀላት። ቁጭ አለች። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ቅዳሜ ጠዋት አል ራዋቢ ይተኛል፣ ከቪላዎቹ ከአንዳቸውም ሰው ብቅ አይል። አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ባሕሩ ባይታይም ይሸታል። ሰዓቷን አየች። አሁን ሳጥኑ ይከፈታል። አሁን ወረቀቱ ይታደላል። አሁን ኢኽላስ ታነባለች። ከንፈሯ አብሮ ተንቀሳቀሰ፤ መመሪያውን በቃሏ ታውቀዋለች። እና ገርሟት፣ የምትፈራው ነገር የለም። ወር ሙሉ የቋጠረችው ነገር ተፈታ። ሥራው ተሠርቷል። ማን አነበበው ምን አገባው።

እንዲህ እያለች የድሪል ጩኸት ተነሣ።

ማዶ ካለው በመታደስ ላይ ካለ ቪላ ነው። ድድድድድ! አምለሰት ከወንበሩ እንዴት እንደተነሣች አታውቅም። ሦስተኛው ክፍል በዚህ በኩል ነው፤ መስኮቱ በቀጥታ ወደዚህ ነው። አባያዋን ሰብስባ መንገዱን በሩጫ ተሻገረች።

"ያ ሰዲቅ! ዋግፍ! ዋግፍ!" ወዳጄ፣ አቁም ማለቷ ነው።

ድሪሉን የያዘው ወጣት ዘወር አለ። ፊቱ በሲሚንቶ ብናኝ ነጭ ሆኗል፤ ዓይኑ ብቻ ነው የቀረው። አየት አደረጋትና አጠፋው።

"ሐበሻ ነሽ እንዴ?"

"ሐበሻ ነኝ። ፈተና አለ እዚያ! ልጆች ይፈተናሉ። እስከ ቀትር ድረስ ይኼን ነገር አትንካው።"

"አይ አክስቴ፣ አሠሪው ከቀትር በፊት ግድግዳው ይፍረስ ብሏል።"

"በመዶሻ አፍርሰው።"

"በመዶሻ?" ጓደኛውን አየና ሳቀ። "ስማት እስቲ። በመዶሻ ትላለች። አክስቴ፣ ግድግዳው'ኮ ብሎኬት ነው፣ ድፎ ዳቦ አይደለም።"

"ስምህ ማነው?"

"ቦንሳ።"

"ቦንሳ፣ እዚያ ውስጥ ሕይወታቸውን ሙሉ ለዚህ ጠዋት ያጠኑ ልጆች አሉ። የእህቴም ልጅ አለች። አሠሪህ ሲመጣ እኔ ጋ ላከው፣ እኔ ነኝ ያስቆምኩት በለው። አሁን ፍርስራሹን አውጡ። እሱ ድምፅ የለውም።"

ቦንሳ ሊመልስላት ሲል ዓይኑ ከጀርባዋ የሆነ ነገር ላይ ተተከለ። በየመን በኩል ያለ ፈቃድ የገባ ልጅ ሁሌ አንድ ዓይኑ መንገድ ላይ ነው። አምለሰት ዞረች። ኡስታዛ ዋርዳ በር ላይ ናት፤ ድምፁን ሰምታ ወጥታለች፣ ትልቁ ባጇ ደረቷ ላይ እየተወዛወዘ መንገዱን ትሻገራለች። ቦንሳ ድሪሉን አስቀመጠ። ጓደኛው ወደ ኋላው አጥር እያፈገፈገ ነው።

"ቆዩ፣ ቆዩ!" አለች አምለሰት። "መምህር ናት።"

"ባጁስ?"

"የፈተና ነው። ቁጭ በሉ አልኳችሁ።"

ኡስታዛ ዋርዳ ደረሰች። ድሪሉን አየች፣ ልጆቹን አየች። ማንነታቸውን አልጠየቀችም።

"ቆመ?"

"ቆመ። እስከ ቀትር አይነኩትም።"

ቦንሳ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ "እሺ አክስቴ፣ አንቺ ካልሽ" አለና ባሬላውን ያዘ።

"ምን አለሽ?" አለች ኡስታዛ ዋርዳ።

አምለሰት የአባያዋን ብናኝ አራገፈች። መዋሸት አልቻለችም።

"ኻልቲ።"

"ይኼም የእህትሽ ልጅ ነው?"

"ይኼኛው አሁን ነው የመጣው።"

ኡስታዛ ዋርዳ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋችው። መንገዱን ተሻግረው ተመለሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆመች።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እህትሽ ሙስሊም ናት፤ አንቺ አይደለሽም። የአባት ነው የእናት?"

"ምኑ?"

"እህትነታችሁ። በአባት ነው በእናት?"

"በአንዱም አይደለም።"

"እንዴት በአንዱም?"

አምለሰት ነገረቻት። ገበያውን፣ ፍራሹን፣ አከራዩን። በአጭሩ ነው የነገረቻት፤ ማስረዘም አትወድም። ኡስታዛ ዋርዳ አፏን ከፍታ ሰማች። ሲያልቅ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

"ዘመድሽ አይደለችም!"

"በደም አይደለችም።"

"ደንቡ የሚለው የደም ዘመድ ነው! የደም! እና ለምን ናት አልሽኝ? ሥራሽን ለቀሽ ወጣሽ! እኔ ሪፖርት ጽፌያለሁ! ለበላይ ደውያለሁ!"

"ልጅቷ ፊት ለፊቴ ቆማ ነበር።"

"እና?"

"እና ምን ልበል? አንቺ በኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?"

ኡስታዛ ዋርዳ በአፍንጫዋ ተነፈሰች፣ ወደ ውስጥ ገባች፣ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ከአፍታ በኋላ ከፈተችውና አንገቷን ብቻ አወጣች።

"ሪፖርቱን አላስተካክለውም። ብነካው የበላዮቼ ደም ምን እንደሆነ እኔን ሊጠይቁኝ ነው። ናት ብለሻል፣ ናት።"

ተመልሳ ዘጋችው። አምለሰት ብቻዋን ሳቀች። ዘበኛው ምን ያስቃታል ብሎ አያት።

ኑርዲን ልጁን ሊወስድ ቀደም ብሎ መጣ፣ ፒክአፑ ላይ የመኪና ጎማ ጭኖ። አምለሰትን በር ላይ ሲያያት ደነገጠ።

"ምነው ውጪ? ምን ሆንሽ? ልጅቷስ?"

"ልጅቷ እየተፈተነች ነው። እኔን ነው ያስወጡኝ።"

ነገረችው። ኑርዲን ጎማው ላይ ተደግፎ ሰማ። ጺሙን አሻሸ።

"አይደለችም ብትይ ያልቅ ነበር'ኮ፣ አምሉ። ማን ይቀየምሽ ነበር?"

"ማንም።"

"ታዲያ?"

"አንተ ሂድና ለሰዳ እህትሽ አይደለሁም ብላሻለች በላት እስቲ። ከዛ ምሳ ታገኝ እንደሆነ እናያለን።"

ኑርዲን ሆዱን ይዞ ሳቀ። "አስተግፊሩላህ፣ እኔ? እኔ ቤቴን እወዳለሁ።"

ፈተናው አለቀ። ልጆቹ እየተንጫጩ ወጡ፣ ግማሾቹ እያለቀሱ፣ ግማሾቹ እየሳቁ፤ ሁሌም እንዲሁ ነው። ሁመይራ በመጨረሻ ወጣች። አምለሰት ጋ መጣችና ፊት ለፊቷ ቆመች።

"እንዴት ነበር?" አለች አምለሰት።

"ንባቡ ቀላል ነው። ሂሳቡ… ሁለት ጥያቄ ዘለልኩ። ሳይንሱን ጨረስኩ።"

"ኢኽላስ ፈጠነች?"

"በጣም ቀስ ብላ ነው ያነበበችው። እንቅልፍ ሊወስደን ነበር።"

"ጎበዝ።"

"አክስቴ፣ ለምን…"

"ነርስ ሁኚ። ሌላ ነገር አትጠይቂኝ። መኪና ግቢ፣ እናትሽ ምሳ ሠርታለች።"

ሁመይራ ግን አልገባችም። አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት፣ አጥንቷን እስኪያማት። አምለሰት ትንሽ ታገሠች። ከዚያ "በቃ፣ በቃ፣ ሰው ያያል" አለች።

ኢኽላስ ቁልፉ አንገቷ ላይ እንዳለ ወጣች። ላብ በላብ ናት፤ ፊቷ ግን በርቷል። "ሙሽኪላ ማፊ፣ ችግር የለም" አለች። "አንዷ አስነጠሰች። ሌላ ምንም።" ከዚያ ድምፅዋን ቀንሳ፣ "አምለሰት፣ ሁሉንም አንቺ ነሽ የሠራሽው፤ እኔ በር ነው የከፈትኩት። ለርዕሰ መምህሯም እንዲሁ ነው የምነግራት" አለች።

"ንገሪያት። ግን ቁልፉን አትመልሺላት። ከሰጠችሽ ያዢው። ያምርብሻል።"

ኢኽላስ እጇን ይዛ ጨመቀቻት፣ አጥብቃ። ይኼኛው መከባበር አልነበረም።

አምለሰት ፒክአፑ ውስጥ ገባች፣ ሁመይራን መሐል አድርገው። ኑርዲን ሞተሩን ሲያስነሣ ኡስታዛ ዋርዳ የታሸገውን ሳጥን መኪናዋ ኋላ አስጭና መጣች። መስኮቱን በጣቷ አንኳኳች። አምለሰት ዝቅ አደረገችው።

"ይኼ ማዕከል የኢኽላስ ነው፣ ቢያንስ ዘንድሮ። ለቆ የወጣ አስተባባሪ እዚያው አይመለስም፤ ደንብ ነው።"

"ገብቶኛል።"

"ደማም ያለው ማዕከል ግን ከረመዳን በኋላ ላለው ፈተና አስተባባሪ የለውም። ያለችው ወልዳ ልትተኛ ነው። ግድግዳ እንዳንቺ የሚሸፍን ሰው እፈልጋለሁ። ርዕሰ መምህርሽን እኔ እጠይቃታለሁ።" መነጽሯን አወለቀችና አፍጥጣ አየቻት። "ደማም ውስጥ ዘመድ አለሽ?"

አምለሰት ልትመልስ አሰበች። ደማም የሰዳ ሕንፃ ላይ ያሉት የሐረር ሰዎች ልጆች ትዝ አሏት፣ አራቱም። የጎረቤቱ የጀሊል መንትዮች። ያቺ ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝኛ የምታስተምራት ልጅ፣ ደረጃው ላይ ባየቻት ቁጥር አክስቴ የምትላት። ሁመይራ ከጎኗ አፏን በእጇ ሸፍና በሳቅ ትንቀጠቀጣለች። ኑርዲን መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቷል።

"ኡስታዛ ዋርዳ፣" አለች አምለሰት፣ "የሚፈተኑትን ልጆች ስም አስቀድመሽ ላኪልኝ።"